ከነጭ አፋፍ እስከ ዘመሮ ያሉት ማውረጃዎች

አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ የቃሬዛውን ጠፍር ቅቤ እያሸ ነበር። ጠፍሩን በግራ አውራ ጣቱ ላይ አንዴ ይጠመጥመዋል፤ በቀኙ ከጣሳ ክዳን ላይ ጥቂት የከረመ ቅቤ ያነሳል፤ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ይስበዋል። ጠፍሮቹ ስምንት ናቸው። አምስተኛው ላይ ደርሷል። እኔ ከኋላው፣ መደቡ ሥር ተንበርክኬ የእናቴን እግር ፋሻ እፈታለሁ።

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ከተመለስን ብዙ አልቆየንም። ሦስታችንም ሥራችንን ይዘን ዝም ብለናል። ዝምታው የኩርፊያ አልነበረም። ሁላችንም አንድ ነገር እያሰብን፣ ቀድሞ ሊያነሳው የፈለገ ስለሌለ ነው።

እናቴ አረጋሽ ስኳር አለባት። በሰኔ ግራ ተረከዟ ላይ የወጣው ቁስል አሁን የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል። የዘመሮ ጤና ጣቢያ ነርስ ይሥሐቅ ቁስሉ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በባለሙያ እጅ መታጠብ አለበት ብሏል። እኛ ግን የምናደርሳት ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን የጌጡ በቅሎ ለገበያ ስትወርድ። ከመንደራችን ከነጭ አፋፍ እስከ ዘመሮ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። የጠጠር መንገዱ ከተሠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ባጃጆቹ ግን ዳገቱን አይተው ከድልድዩ ይመለሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ይሥሐቅ በሩን ገፋ አድርጎ፣ ቁስሉ እስከ ጥምቀት ካልጠገገ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚልካት፣ እዚያም እግሩን ሊቆርጡት እንደሚችሉ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ለእሷ እኔ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና ጥምቀት ስንት ሳምንት እንደቀረው ጠየቀችኝ። ቆጥሬ አሥራ ስድስት አልኳት።

አባቴ አምባዬ የነጭ አፋፍ የቃሬዛ እድር ዳኛ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ለቀብር ሌላ እድር አለን። የዚህኛው ሥራ በሕይወት ያለን ሰው ዘመሮ ማድረስ ነው። የወረዳው አምቡላንስ አንድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሲጠራ ሌላ አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጡሩምባ ሲነፋ እያንዳንዱ ቤት አንድ ትከሻ ያወጣል። ያላወጣ ይቀጣል። አባቴ በቅጣት ላይ ዘመድ አያውቅም፤ አንድ ዓመት የገዛ ወንድሙን ጠቦት አስከፍሎታል።

ቃሬዛ ግን በሳምንት ሦስት ቀን አይጠራም። ቃሬዛ የሚጠራው ሰው ሊያልቅ ሲል ነው። እናቴ ደግሞ እንኳን ሦስት ቀን፣ አንድ ቀንም አስጠርታው አታውቅም። ተረከዝ ቆሰለ ብላ ሰው ከሥራው እንደማታስነሳ ለአባቴ ነግራዋለች፤ አባቴም ሰምቶ ወጥቷል።

እኔ ዘመሮ ማዘጋጃ ቤት፣ ገቢ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እወጣለሁ። ነጭ አፋፍ ከሁለት ዓመት በፊት ከሌሎች ሦስት መንደሮች ጋር ወደ ከተማው ክልል ገብታለች፤ ጌጡ «ከተማ ሆነን አደርን፤ በጎቹ ግን ገና አልሰሙም» ይላል። ዘንድሮ የከተማው ምክር ቤት አንድ ሐሳብ አመጣ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር በዓመት ከመቶ ሃያ ብር ወደ አራት መቶ ሰማንያ ይደግ፤ በጭማሪው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጠዋትና ማታ ዳር ያሉትን መንደሮች ከከተማው ያገናኝ የሚል ነው። እያንዳንዱ መንደር በራሱ ስብሰባ ይወስናል። ሦስቱ ተስማምተዋል፤ የቀረችው ነጭ አፋፍ ናት። እምቢ ካለች አውቶቡሱ ከድልድዩ ይዞራል። ከድልድዩ እስከ ቤታችን አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከግማሹ በላይ ዳገት። ስብሰባው የሚቀጥለው እሑድ ነበር።

አባቴ እምቢ ሊል እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ እምቢ ካለ ደግሞ ከሰማንያ አራቱ ቤት አብዛኛው እምቢ ይላል።

ስድስተኛውን ጠፍር ሲያነሳ እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ስብሰባው ላይ እግሬን እንዳታነሺ» አለችኝ በሹክሹክታ። «የአምባዬ ልጅ ለእናቷ ብላ አገር አስገበረች እንዳይሉሽ።»

እሺ አልኳት። እንደዚያ እንደሚሉኝ እኔም አስቤው ነበር።

አለቃዬ ምንተስኖት ከስብሰባው በፊት አንድ ሥራ ሰጥቶኝ ነበር፤ አውቶቡሱ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ማስቀመጥ። ቢሮ ተቀምጬ መንገዱን በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ከፈልኩና ነጥብ አደረግሁ። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። የመጀመሪያው ነጥብ ረግረግ ላይ ነው አለ። ሁለተኛው ገደሉ መታጠፊያ ላይ ነው፤ እዚያ ፍየል እንኳ ቆማ አታውቅም። ወረቀቱን መልሶልኝ ነገ አብሮኝ እንደሚወርድ ነገረኝ። ደስ ያለኝ ፊቴ ላይ ታየ መሰለኝ።

«መንገድ ማሳየት መስማማት አይደለም» አለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበርና አባቴን ከአሥር እርምጃ በላይ ስርቅ አላየውም። ይህን መንገድ ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሼበታለሁ። ከሁለት ኪሎ ሜትር አልፈን ጥቂት እንደሄድን አባቴ ቆመና እጁን አንድ ድንጋይ ላይ አሳረፈ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ላዩ ላይ ተቀምጬ በሶ በልቻለሁ።

«ይኼ ማውረጃ ነው» አለኝ።

ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ላዩ የተስተካከለ ድንጋይ ነው። ሥሩ በትናንሽ ድንጋዮች ተደግፏል። ከፍታው ለምን እንደዚህ እንደሆነ ጠየቅሁት። ተሸካሚዎች ሳያጎነብሱ ከትከሻቸው በቀጥታ እንዲያሳርፉ ነው፤ ታማሚው እንዳይናወጥ። እዚህ የእኛ ሰዎች ያወርዳሉ፣ የጉልት ሰፈር ሰዎች ያነሳሉ። ጡሩምባው ሲነፋ እነሱም ከእርሻቸው ተነስተው እዚህ ይጠብቃሉ። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ቦይ መሳይ መስመሮች ነበሩ። ሁልጊዜ ዝናብ የሠራቸው ይመስለኝ ነበር። የቃሬዛው እንጨቶች የሚያርፉበት ነው አለኝ። ጣቴን አንደኛው ውስጥ አስገባሁ፤ እስከ መጀመሪያው አንጓ ገባ። እንጨት ድንጋይን ይህን ያህል ለመብላት ስንት ሰው መውረድና መነሳት ነበረበት? ላሰላው ሞከርኩና ተውኩት። ቦታውን የምመዘግብበትን ስልኬን ለማውጣት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

ስድስት ድንጋይ አሳየኝ። እያንዳንዱ ላይ ሲደርስ እጁን ያሳርፋል፣ ማን እንደሚያወርድና ማን እንደሚያነሳ ይነግረኛል፣ ይቀጥላል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩትን ሌላ ነገር አየሁ፤ አንዱ ድንጋይ አጠገብ ሲቆም የሚቀጥለው ይታያል። የሚጠብቀው ሰው ከሩቅ አይቶ ትከሻውን እንዲያዘጋጅ ነው።

ቢሮ ገብቼ ርቀቶቹን ስጽፍ እጄ ቆመ። ሜዳው ላይ ከድንጋይ ድንጋይ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ሺህ አራት መቶ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ሺህ ሁለት መቶ። ከድልድዩ ማዶ ካለው አቀበት ላይ ዘጠኝ መቶ ብቻ። መሬቱ በከበደ ቁጥር ድንጋዮቹ ይቀራረባሉ። ሜትር ያልያዘ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ሰው፣ የአራት ሰው ትንፋሽ የሚያልቅበትን ቦታ እየፈለገ እዚያ ድንጋይ አቁሟል። የእኔን ነጥቦች ከወረቀቱ ላይ ሰረዝኩ። በካርታ እንደዚያ ቀን አፍሬም፣ ካርታን እንደዚያ ቀን ወድጄም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። ከስድስተኛው ድንጋይ እስከ ጤና ጣቢያው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁሉም የሚረዝመው። የደከመ ሰው መጨረሻ ላይ ለምን ይህን ያህል ይሄዳል? ደግሞም የዘመሮ ቆርቆሮዎች ገና ብቅ የሚሉበት መታጠፊያ ጋ አንድ ሌላ ድንጋይ አይቻለሁ። ቁመቱ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ላዩ ግን ሽበት፣ ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ግራጫ ሣር መሳይ፣ አብቅሏል። አባቴ እዚያ ሲደርስ አልቆመም። እንዲያውም ፈጠን ብሎ አለፈ። እኔም አልጠየቅሁትም። ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ እናቴን በጌጡ በቅሎ ይዤ ስወርድ፣ መታጠፊያው ጋ በቅሎዋን አስቆመችኝ።

«ይኼን ጽፈሽዋል?»

አልጻፍኩትም አልኳት። እየሄድን ነገረችኝ። የአባቴ እናት ወሰንየለሽ ያለፈችው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። አራት ቀን ሆዷን ታማ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ሰው ከአጨዳ እንዳይነሳ ብላ። በአምስተኛው ቀን ስትወድቅ ቃሬዛ ተጠራ። አባቴ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ የፊት ግራውን እንጨት ከቤት ጀምሮ ለማንም ሳይለቅ ይዞ ነበር። ከተማው ሲታይ ደረስን ብለው አወረዷት። ሊያነሷት ሲሉ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ያወረደ የለም። ደንብ አላወጡም፤ ማንም ለማንም አልተናገረም። ተሸካሚው ትከሻው የሚሰበር ቢመስለውም ሦስቱን ኪሎ ሜትር ይሄደዋል። አባቴ ዳኛ የሆነው በዓመቱ ነው፤ ለቅጣት ርኅራኄ የሌለውም ለዚያ ነው።

«አሁን ሰው ሁሉ ይመጣለታል» አለች እናቴ። «ታማሚው ግን እንደ ድሮው ይደብቃል። ይኼን አልነገርኩትም።»

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጽዶቹ ሥር ነበር። ምንተስኖት ቆሞ ግብሩንና አውቶቡሱን አስረዳ። እኔ የድንጋዮቹን ካርታና የፊርማውን ወረቀት ይዤ ጎኑ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ጌጡ ተነሳ። በቅሎውን የሚያውሰን ጌጡ የእድሩ ጡሩምባ ነፊም ነው። የእሱ ጣሪያ የጓሳ ሣር እንደሆነ፣ ግድግዳውም ግማሹ እንደፈረሰ ተናገረና ለግማሽ ግድግዳ ስንት እንደሚከፈል ጠየቀ። ሰው ሳቀ። ምንተስኖትም እየሳቀ ሣርም ቢሆን ጣሪያ መሆኑን ነገረው።

«እንግዲያ ለዝናቡም ንገርልኝ» አለ ጌጡ፤ «እሱ እስካሁን እንደ ጣሪያ አልቆጠረውም።»

ሳቁ ሳያልቅ የበግ ጠጉር ባና የሚሸምነው ፍሬው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ወደ እኔ ዞረ። «ህሊና» አለኝ፤ «ለእናትሽ መኪና ልንገዛላት ነው?» ጥቂት ሰው ሳቀ። የቀረው መሬት መሬቱን አየ። እኔ የእስክሪብቶዬን ክዳን አየሁ። ስለ ተረከዟ፣ ስለ ይሥሐቅ፣ ስለ አሥራ አምስት ሳምንት ማለት የምችለው ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። እሺ ብያት ነበርና ዋጥኩት።

ከዚያ አባቴ ተነሳ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ነጭ አፋፍ ለመንገድ ግብር ከፍላ እንደማታውቅ ተደርጎ ሲነገር እንደሰማ፣ ከፍላ ግን እንደምታውቅ ተናገረ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሬዛው ያወረዳቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስም፣ በወር፣ በሕመም፤ ማን የፊቱን እንደያዘ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ዝናብ እንደያዛቸው። ወረቀት አልያዘም። ጣቱን አላጠፈም። ሰዎች የአባቶቻቸውን ስም ሰሙ፤ የራሳቸውን ስም ሰሙ። ምጥ ይዟት ወርዳ በአራተኛው ድንጋይ ላይ የተገላገለችውን ሴት ስም ሲጠራ፣ ያን ቀን የተወለደው ቃለአብ ጢም አውጥቶ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። የሳለ ሰው አልነበረም። አባቴን በዕድሜዬ ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ይህን ሁሉ ሰው ደረቱ ውስጥ ይዞ ቡና ሲጠጣ፣ በግ ሲሸልት፣ ሲተኛ እንደኖረ ግን አላውቅም ነበር።

«ዘጠና ሦስት» አለ በመጨረሻ። «ግብራችን ይኼ ነው። በትከሻ ከፍለናል።» ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ድምፅ ስጪ ብባል እኔም ከእሱ ጋር እሆን ነበር። ምንተስኖት ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ወረቀቱ። በቃ፣ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

«ዘጠና ሦስቱን ሰማን» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

እናቴ ነበረች። ከቤት እስከ ጽዶቹ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ መቼ ተነስታ መቼ እንደደረሰች አላየሁም። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ዳር ምርኩዟን ተደግፋ ቆማለች። ግራ እግሯን መሬት አላስነካችም።

«ያልጠሯችሁንስ ማን ይቁጠር?» አለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ስለ እግሯ አላነሳችም። አባቴ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ስም ልሰጠውም አልሞክርም።

ከዚያ ጌታነሽ የምትባል የታችኛው ሰፈር ሴት ተነሳች። በሐምሌ ወልዳ ሦስት ቀን ደም እንደፈሰሳት፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሰው ይወሰዳል ብላ እንዳልጠራች ተናገረች። አልተቀመጠችም። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ተነሱ፤ ዓይናቸው የጠፋው ያለ ሕክምና ነው፤ ለዓይን ተብሎ ቃሬዛ አይወጣም ብለው ነው። ቀጥሎ ሌላ፤ የሕፃን ትኩሳት። ሌላ፤ ዘር የሚዘራበት ሳምንት ስለነበር። አንዳንዷ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ስለ ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ያለቀሰ የለም። ተናግረው ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ እቆጥር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጽዶቹ ሥር የቆሙት ሴቶች ከተቀመጡት እየበዙ ሄዱ፤ በመጨረሻ የተቀመጠች ሴት አልቀረችም።

«እናቴም» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። ፍሬው ነበር። የሚቀጥል ነገር የነበረው መሰለኝ፤ አልቀጠለም።

አባቴ መንገዱ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ወረቀቱን አምጪ።»

ስሙን ፊደል በፊደል፣ ለእያንዳንዱ እየቆመ ጻፈ። ከኋላው ሰልፍ ሆነ። ጌጡ ለግማሽ ግድግዳ ግማሽ ስም ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝና ሙሉውን ፈረመ። ያን ቀን ሰባ አንድ ቤት ፈረመ።

አውቶቡሱ በኅዳር መጀመሪያ፣ ሰኞ ማታ እኔን ይዞ ደረሰ። ታድሶ ሰማያዊ የተቀባ አሮጌ ቅጥቅጥ ነው። ሾፌሩ ደመላሽ የዓለም ከተማ ልጅ ነው፤ እኛ ዘንድ አደረ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ስድስቱን ድንጋዮች በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፌባቸው ነበር፤ በግዕዝ ቁጥር፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ እንዲያነባቸው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናቴን ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር አስቀመጥናት፤ እግሯን ገለባ በተሞላ ማዳበሪያ ላይ ዘረጋችው። አባቴ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። የተሳፈርነው አሥራ ሰባት ነን። ሰው አውቶቡሱ መነሳቱን እንዲያውቅ ብሎ አባቴ ጌጡን ጡሩምባ እንዲነፋ አዘዘው። ጌጡ ነፋ። የጌጡ ጡሩምባ ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዜማ ብቻ ነው የሚያውቀው። አባቴም፣ ጌጡም፣ እኛም ይህን አላሰብነውም።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጋ ስንቃረብ አራት ሰዎች ቆመው አየን። ማጭዳቸው በእጃቸው ነው። ገብሱ ገና ከልብሳቸው አልተራገፈም። እያንዳንዳቸው ቀኝ ትከሻቸው ላይ ዝተት አጥፈው አስቀምጠዋል፤ እንጨት እንዳይቆረቁር የሚደረገውን። ደመላሽ ተሳፋሪ መስለውት ፍሬን ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ግቡ አላቸው። የገባ የለም። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ማን ነው የታመመው?»

«አረጋሽ ናት» አለ አባቴ። ቆየት ብሎም፣ «ተቀምጣለች» አለ።

ሰውየው በመስኮቱ አየ፤ እናቴን፣ ማዳበሪያውን፣ ወንበሮቹን። እናቴ ስሙን ጠርታ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። እሱም መዳፉን የአውቶቡሱ ጎን ላይ አሳረፈ፤ አባቴ ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፈው። ስንነሳ እጁን ሳያነሳ ጥቂት እርምጃ አብሮን ሄደ። ሌሎቹ ሦስቱም እንዲሁ። ከዚያ ለቀቁን።

ሁለተኛው ድንጋይ ጋ አምስት ነበሩ። ድልድዩ ጋ አሥራ ሁለት፤ አንዱ ከማዶ እየሮጠ ይመጣል፣ ዝተቱ ከትከሻው ሊወድቅ እያለ ይመልሰዋል። ጡሩምባው ከአፋፍ አፋፍ እየተቀባበለ ከእኛ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ስህተት ነው፣ ወደ አጨዳችሁ ተመለሱ ብሎ ከመስኮቱ መጮህ ይቻል ነበር። የጮኸ የለም። አባቴ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ከራሱ ላይ ፎጣውን አወረደ። አራተኛው ላይ ደመላሽ ማንም ሳይነግረው ቀድሞ አቆመ፤ ረዳቱም ግቡ ማለቱን ትቷል። በየድንጋዩ እናቴ የሁሉንም ስም ታውቃለች። በየድንጋዩ መዳፍ ያርፋል፣ ጥቂት እርምጃ አብሮ ይሄዳል፣ ይለቃል። እኔ ከኋላው መስኮት የሚቀሩትን አያለሁ፤ መንገድ ላይ ቆመው ባዶ ትከሻቸውን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ገብሳቸው። የአንዲት ሴት ተረከዝ እንዲታጠብ ይህ ሁሉ ሰው ከሥራው ተነሳ፤ እሷ ደግሞ ያንን ፈርታ ነበር ከሰኔ ወዲህ ያልጠራችው።

ከስድስተኛው በኋላ የሚጠብቅ ሰው የለም። የዘመሮ ቆርቆሮዎች ብቅ ወዳሉበት መታጠፊያ ስንደርስ አባቴ ወደፊት ዘንበል አለ።

«ወንድሜ ደመላሽ፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ።»

ብቻውን ወረደ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሽበት ያበቀለው ድንጋይ ጋ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ላዩን በመዳፉ ጠረገው፤ ቦዮቹ እስኪታዩ ድረስ። መዳፉን እዚያው እንዳሳረፈ ቆየ። ሲመለስ እናቴ ጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ ጠራረገችለት። ዘመሮ ስንገባ ሰዓቴን አየሁ፤ ከተነሳን አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሆኖናል፣ ሰባት ጊዜ ቆመን። በቃሬዛ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጌጡ ጡሩምባውን አልነፋም። ደመላሽ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ሁለት ጊዜ አጭር አጭር ይነፋል፤ ያ በቃ።

እናቴ ሐሙስም፣ ቅዳሜም፣ ማክሰኞም ወረደች። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ሐሙስ ይሥሐቅ ፋሻውን ፈትቶ ጠራኝ። ቁስሉ የምስር ፍሬ ያህል ሆኗል፤ ዳሩ ሮዝ ነው። ጥምቀት አራት ሳምንት ቀርቶታል። ስለ ደብረ ብርሃን አላነሳም፤ በሩንም አልገፋውም። ለቅዳሜ ቀጠራት።

አባቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ሲጠብቅ ነበር። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቃሬዛውን ሊሸጡት እንደሆነ የሚያወራ ሰው አለና እውነት እንደሆነ ጠየቅሁት። አውቶቡሱ ሌሊት እንደማይሄድ፣ ከገደሉ በታች ያሉት ቤቶች ጋም መንገድ እንደሌለ ነገረኝ፤ ጠፍሮቹን ባለፈው እሑድ ቅቤ አሽቷቸዋል። ከዚያ እጆቹን አይቶ ቆየና፣

«ያ ነጭ ቀለም አለቀ?» አለኝ።

አላለቀም አልኩት። ከቢሮ ጣሳውንና ብሩሹን ይዤ መጣሁ፤ የምሳ ሰዓት ነበር። በእግራችን ወደ መታጠፊያው ወጣን። ፀሐይ ነበረ፤ ከድንጋዩ አጠገብ ሲቆም ከተማው በሙሉ፣ ወደ ኋላ ደግሞ ስድስተኛው ይታያል። አባቴ የድንጋዩን ጎን በፎጣው ጠረገልኝና ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ተንበርክኬ ፯ን ጻፍኩ፤ መጀመሪያ የላዩንና የታቹን ሰረዝ፣ ቀጥሎ መሃሉን። አንድ ቦታ ቀለሙ ወረደና በጣቴ አስተካከልኩት። ብሩሹን በሣር ጠርጌ በወረቀት ጠቀለልኩ፤ የጣሳውን ክዳን በመዳፌ ጫን ብዬ ገጥሜ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት።